የቼዝ ኢንጂኖችን ሬቲንግ በፍትሃዊነት መፈተን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቼዝ ኢንጂን እያጋጠምን ውጤት የምንመዘግብ ጥቂት ሰዎች አለን። ሁለቱ ባሕር ዳር ናቸው፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም። ያለን መሣሪያ የየራሳችን ላፕቶፕና ሁለት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ቁጥር ባወጣን ቁጥር ክርክር ይነሳል። አንዱ "ለዚያኛው አድልታችኋል" ይላል፣ ሌላው "እኔ ቤት ስሞክረው ተቃራኒው ነው የሆነው" ይላል። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ ትክክለኛ ክርክር ነው። አንድ ዓይነት መልስ ለየሰው መጻፉ ግን ጊዜ ስለሚወስድ፣ ደጋግሞ የሚመጣውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የኢንጂን ሬቲንግ ከየት ይመጣል?

ኢንጂን ማለት ቼዙን የሚያስበው ፕሮግራም ነው። ሰሌዳው የሚታይበት መስኮት ሌላ ፕሮግራም ነው። ስቶክፊሽ፣ ሊላ፣ ኮሞዶ የምትሏቸው ኢንጂኖች ናቸው።

ሬቲንጉ፣ ማለትም የጥንካሬው መለኪያ ቁጥር፣ የሚሰላው አርፓድ ኢሎ በተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር መንገድ ነው። እሱ ያወጣው ለሰው ተጫዋቾች ነበር። ስሌቱ የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ማሸነፍ 1 ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ። ሁለት እኩል ተጋጣሚዎች ከ100 ጨዋታ 50፣ 50 ይጠበቅባቸዋል። በ100 ሬቲንግ የሚበልጠው 64 ገደማ ያገኛል፣ በ200 የሚበልጠው 76፣ በ400 የሚበልጠው 91። በ10 ሬቲንግ የሚበልጠው ግን 51 ነጥብ ተኩል እንኳ አይሞላለትም። ኢንጂን የሚጽፉ ሰዎች ዛሬ ሌት ተቀን የሚለፉት ለእነዚህ ለ5፣ ለ10 የሬቲንግ ነጥብ ልዩነቶች ነው። ፈተናው ትንሽ ከተዛነፈ ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት መዛነፉ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

20 ጨዋታ አጋጥሜ አንዱ 12 ለ 8 አሸነፈ። ይሻላል ማለት አይደለም?

አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

12 ለ 8 ሲሰላ 70 ሬቲንግ ብልጫ ይሆናል። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ያማልላል። እንበልና ውጤቱ 8 ድል፣ 4 ሽንፈት፣ 8 አቻ ነበር። አቻዎቹን ተዉአቸውና 12ቱን ብቻ እዩ። ሁለቱ ኢንጂኖች በትክክል እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ ልክ ሳንቲም 12 ጊዜ እንደመወርወር፣ ከሁለቱ አንዱ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፉ ዕድል ከ100 ወደ 39 ነው። ማለትም እኩል የሆኑ ሁለት ኢንጂኖችን ይዛችሁ ይህንን ፈተና ደጋግማችሁ ብትሠሩ፣ ከአምስት ሁለቱን ጊዜ ያህል "አንዱ ይሻላል" ብላችሁ ትወጣላችሁ።

የአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ የተጫወቱት 6 ጨዋታ ብቻ ነበር። ሁለት አሸነፈ፣ አንድ ተሸነፈ፣ ሦስቱ አቻ። ታሪክ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ግን ከዚያ 6 ጨዋታ ተነስቶ "ዲፕ ብሉ በዚህን ያህል ሬቲንግ ይበልጣል" ማለት አይቻልም ነበር።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። አንድ የሞጣ ልጅ፣ ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የራሱን ኢንጂን ጽፎ አዲሱን ቨርዥን ከአሮጌው ጋር እንዳጋጥምለት ላከልኝ። የንጉሡን ደኅንነት የሚመዝንበትን ክፍል አሻሽሎ ነበር። 30 ጨዋታ አጫወትኩና አዲሱ 13 ነጥብ ብቻ አገኘ። "በሬቲንግ 47 ነጥብ ወርዷል፣ ተወው" ብዬ ጻፍኩለት። ልጁ አመነኝና ሥራውን ሁሉ ሰረዘው። ከሁለት ወር በኋላ፣ አንዱ ጓደኛችን አሮጌው ፋይል ስለነበረው፣ 4,000 ጨዋታ አጫወተው። አዲሱ በ20 ነጥብ ይበልጥ ነበር። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሁለት ወር የአንድ ተማሪ ማታ ማታ ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ስንት ጨዋታ ይበቃል?

እንደምትፈልጉት ልዩነት ነው። ግማሹ ጨዋታ አቻ የሚያልቅ ከሆነ፣ 100 ጨዋታ ወዲህም ወዲያም ወደ 50 የሬቲንግ ነጥብ የሚደርስ ጥርጣሬ አለው። 1,000 ጨዋታ ወደ 15 ያወርደዋል። 10,000 ደግሞ ወደ 5። ጥርጣሬውን በግማሽ ለመቀነስ ጨዋታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አቋራጭ የለውም።

ስለዚህ አንድ ሰው "በ8 ነጥብ ይበልጣል" ሲላችሁ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ፕላስ ማይነሱ (ያ ወዲህና ወዲያ ያለው ጥርጣሬ) ከሌለ ጠይቁ። ካላወቀው ቁጥሩን ተዉት።

ይህን ሁሉ ጨዋታ በየትኛው ጊዜ?

ሰዓቱን ማሳጠር ነው። ለእያንዳንዱ ኢንጂን 10 ሴኮንድ ሰጥታችሁ በየእርምጃው አንድ አስረኛ ሴኮንድ ብትጨምሩ፣ 60 እርምጃ የሚሄድ ጨዋታ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 1,000 ጨዋታ 9 ሰዓት ያህል ነው፤ ማታ ከፍታችሁ ተኝታችሁ ጠዋት ታገኙታላችሁ። ለ40 እርምጃ 15 ደቂቃ ብትሰጡ ግን ተመሳሳዩ 1,000 ጨዋታ አንድ በአንድ ሲሄድ አንድ ወር ይወስዳል።

አጭር ሰዓት ዋጋ አለው። በ10 ሴኮንድ የሚበልጥ ኢንጂን በ15 ደቂቃ ላይበልጥ ይችላል፤ አንዳንዱ ጊዜ ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ሰዓቱን ከውጤቱ ጋር ጻፉ። "በአጭር ሰዓት" የሚለው ቃል ራሱ ግማሽ ፍትሃዊነት ነው።

የምደግፈው ኢንጂን እየመራ ሳለ ፈተናውን ባቆመውስ?

ይሄ ሳይታወቅ የሚሠራ ማጭበርበር ነው፤ ሰው ሆን ብሎ አያደርገውም። ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ደስ ባላችሁ ሰዓት ካቆማችሁ ሁልጊዜ ደስ የሚል ውጤት ታገኛላችሁ። ወይ ከመጀመሩ በፊት "2,000 ጨዋታ" ብላችሁ ጻፉና እሱ እስኪሞላ አትንኩት፣ ወይ ደግሞ መቼ እንደሚቆም በሒሳብ የሚወስን ዘዴ ተጠቀሙ። እንዲህ ያለ ዘዴ አለ፤ አብርሃም ዋልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠራው ነው። ሁለት ግምት ታስቀምጣላችሁ፣ ለምሳሌ "ምንም አልጨመረም" እና "5 ነጥብ ጨምሯል"። ከዚያ ከእያንዳንዱ ውጤት በኋላ ማስረጃው ወደ የትኛው እንዳደላ ይሰላል፤ አንዱ ወሰን ላይ ሲደርስ ይቆማል። የስቶክፊሽ ሰዎች ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊሽቴስት በሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር መረብ ላይ እያንዳንዱን ለውጥ በዚህ መንገድ ነው የሚያሳልፉት። አንድ ለውጥ ለማለፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ሊወስድ ይችላል።

ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ላይ እስከሆኑ ድረስ ፍትሃዊ ነው አይደል?

ግማሽ መንገድ ነው። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ስትገዙ አስቡት። ቁናው አንድ ነው፣ ግን ለአንዱ በቁልል ሰፍሮ ለሌላው አፉ ድረስ ብቻ ከሰፈረ ቁናው አንድ መሆኑ ምን ይጠቅማል? በኢንጂን ፈተናም ቁልሉ የሚደበቅባቸው ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ሃሽ የሚባለው ኢንጂኑ ያሰበውን የሚያስቀምጥበት ማህደረ ትውስታ ነው። ስቶክፊሽ ካልነካችሁት የሚነሳው በ16 ሜጋባይት ነው። ሌላው ኢንጂን በ256 ሊነሳ ይችላል። ሁለቱንም በእጃችሁ እኩል አድርጉ። ኮሩም (የፕሮሰሰሩ የማሰቢያ ክፍል) እንዲሁ፤ አንዱ በ1 ሌላው በ4 ኮር ሲሮጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ያጋጠመውም ሰው አላስተዋለም ነበር።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው የፋይሉ ዓይነት ነው። አንዱ ኢንጂን ለአዳዲስ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፈጣን ፋይል ይኖረዋል፣ የዚያኛው ግን ለማንኛውም አሮጌ ማሽን የሚሆነው ዝግተኛው ይወርዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲለያይ ከ50 እስከ 70 ነጥብ ያመጣል የሚል የቆየ ግምት አለ፤ በረጅም ሰዓትና በጠንካራ ኢንጂኖች ያንሳል። ለእያንዳንዱ ኢንጂን ማሽናችሁ የሚቀበለውን ፈጣኑን ፋይል አውርዱ።

ከዚያ በባላጋራ ሰዓት ማሰብ አለ፤ ፖንደር ይሉታል። አንድ ማሽን ላይ ሁለቱም በሌላው ሰዓት የሚያስቡ ከሆነ ኮር ይሻማሉ። አንድ ማሽን ብቻ ካላችሁ አጥፉት።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ስታስኬዱም ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ "8" ቢላችሁ እውነተኛው ኮር 4 ሊሆን ይችላል፣ የቀረው ጥንድ ጥንድ እየተጋራ ነው። 4 ኮር ባለው ላፕቶፕ እኛ 3 ጨዋታ ብቻ እናስኬዳለን። አንዱ ኮር ለማሽኑ ለራሱ ይቀራል። እና እባካችሁ ፈተና እየሄደ ፊልም አትክፈቱበት። የሞጣውን ልጅ ኢንጂን ስፈትን እኔ እነዚህን ስህተቶች ሁሉ ሠርቼ ነበር።

መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፑ ሲግልስ?

ይሄ የኛ አገር ጥያቄ ነው፤ የውጭዎቹ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ክረምት ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀትም እንደዚያው ነው። በሚያዝያ ባሕር ዳር እኩለ ቀን ላይ የሚሮጥ ላፕቶፕና ማርቆስ ማታ ላይ የሚሮጠው ያው ሞዴል በሴኮንድ የሚያስቡት እኩል አይደለም።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ለዩ። አንድ ማሽን ላይ ሁለቱ ኢንጂኖች ተራ በተራ የሚያስቡ ከሆነ መቀዝቀዙ ሁለቱንም ይነካል፤ በብዙ ጨዋታ ውስጥ አድልዎ አይሆንም። ግን ውጤቱ "በ10 ሴኮንድ" መሆኑ ቀርቶ ከሌላ ሰው የ10 ሴኮንድ ውጤት ጋር አይወዳደርም። አንዱ ኢንጂን በአንዱ ላፕቶፕ፣ ሌላው በሌላው ላፕቶፕ ከሆነ ግን መብራት መጥፋቱ የአንዱን እግር ብቻ ያስራል። ይህኛው እውነተኛ አድልዎ ነው።

እኛ የምናደርገው፦ ቻርጀር ሲነቀል ፈተናው ይቆማል። በመሃል የነበሩት ጨዋታዎች ይጣላሉ፤ ማን እየመራ እንደነበር ሳናይ፣ ጥንዳቸውም አብሮ። ጥንድ ያልኩት ምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ጨዋታው ከየት ይጀምር?

ከመነሻው ሰሌዳ ብቻ ካስጀመራችሁ ኢንጂኖች ተመሳሳይ ጨዋታ ይደጋግማሉ። 1,000 ጨዋታ ያያችሁ ይመስላችኋል፣ እውነታው 50 ዓይነት ጨዋታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥቂት የመክፈቻ እርምጃዎች አስቀድመው የተጫወቱባቸው ብዙ የተለያዩ አቀማመጦች ያስፈልጋሉ።

ከዚያ ነጭ የመጀመር ብልጫ አለው፣ አንዳንዱ አቀማመጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ለአንዱ ወገን ያደላል። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ መክፈቻ ሁለት ጊዜ ይጫወታል፣ ቀለም ተለዋውጠው። ጥንድ የምለው ይህንን ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ቁልቁለት የጋለበን ፈረስ ዳገት ከጋለበው ጋር አወዳድሮ "ይሄ ፈጣን ነው" የሚል የለም። ሁለቱም ቁልቁለቱን፣ ሁለቱም ዳገቱን ይጋልቡት።

አሁን ሌላ ችግር መጥቷል። ኢንጂኖቹ ከመጠንከራቸው የተነሳ ከሚዛናዊ አቀማመጥ ካስጀመራችኋቸው ሁሉም አቻ ይሆናል ማለት ይቻላል። 1,000 ጨዋታ ተጫውተው 970ው አቻ ከሆነ ስለ ልዩነታቸው የሚናገረው 30 ጨዋታ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቲሲኢሲ የሚባለው የኢንጂኖች ሻምፒዮና ሆን ብሎ ለአንዱ ወገን ያደሉ መክፈቻዎችን የሚመርጠው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ኢፍትሃዊ ነው" ይላል። አይደለም፣ ሁለቱም በተራቸው የተጎዳውን ወገን ይይዛሉ። አንዱ በጥሩው ወገን አሸንፎ በመጥፎው አቻ ካስወጣ በዚያ ጥንድ በልጧል። ነጥቡን በጨዋታ ሳይሆን በጥንድ መቁጠር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በሰንጠረዥ ወረራ ቢሆንስ?

አንድ አዛውንት ናቸው የጠየቁኝ፣ ጥያቄያቸው ደስ ስላለኝ አስገባሁት። በኛ በጥንቱ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ጨዋታው በወረራ ነው የሚጀምረው፤ ተራ የለም፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ሲበላ ነው። እዚያ የነጭ ብልጫ የሚባል ነገር የለም። ግን ለኮምፒውተር ቢሠራ ሌላ ብልጫ ይመጣል፦ ፕሮግራሙ በሴኮንድ ስንት እርምጃ ቢያንቀሳቅስ ይፈቀድለታል? ጋሼ፣ ወረራውን ለሁለቱም እኩል ፍጥነት መወሰን ይኖርብናል። የሚሠራ ወጣት ከተገኘ ለመፈተን ዝግጁ ነኝ።

አልፋዜሮ ስቶክፊሽን 28 ለ 0 ያሸነፈበት ፈተና ፍትሃዊ ነበር?

በ2017 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል ኩባንያ፣ አልፋዜሮ የሚባለው ፕሮግራሙ ከስቶክፊሽ ጋር ያደረገውን 100 ጨዋታ አሳወቀ። አልፋዜሮ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ፣ ምንም አልተሸነፈም። ዓለም ተንጫጫ። ከዚያ የሁኔታው ዝርዝር ሲታይ ቅሬታ መጣ፣ ቅሬታውም ትክክል ነበር።

ሰዓቱ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ደቂቃ ነበር፣ ሁልጊዜ። ስቶክፊሽ ግን ሰዓቱን ማስተዳደር የሚያውቅ ኢንጂን ነው። ቀላል እርምጃ ላይ ቶሎ ብሎ ለከባዱ የሚያስቀምጥ። ይህ ችሎታው ተወሰደበት። 64 የማሰቢያ መስመር ይዞ ሃሹ 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ያ ለዚያ ሁሉ መስመር ጠባብ ነው። የመክፈቻ መጽሐፍም (አስቀድሞ የተዘጋጀ የመክፈቻ እርምጃዎች ስብስብ) አልነበረውም። አልፋዜሮ ደግሞ በ4 ልዩ ቺፖች ላይ ነበር የሚሮጠው፤ ያንን ከተራ ፕሮሰሰር ጋር በምን ታመዛዝኑታላችሁ?

ሰዎቹ ግን ቅሬታውን ሰምተዋል ማለት እችላለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ላይ 1,000 ጨዋታ አድርገዋል። ሰዓቱ 3 ሰዓት ሆኖ በየእርምጃው 15 ሴኮንድ ይጨመርበታል። ስቶክፊሽ 44 ኮር፣ 32 ጊጋባይት ሃሽ ተሰጠው። አልፋዜሮ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ፣ የቀረው አቻ። ቁጥሩን አመዛዝኑት፦ በመጀመሪያው 64 ከመቶ ነጥብ፣ በሁለተኛው 57 ከመቶ። በሬቲንግ ሲሰላ ከ100 ወደ 50 አካባቢ ወረደ። ተጋጣሚው ያው ስቶክፊሽ 8 ነበር። አልፋዜሮ በእውነት ይበልጥ ነበር፤ ግን በመጀመሪያ ከታየው ብልጫ ግማሽ ያህሉ ሁኔታው ሲስተካከል አብሮ ሄደ። ፈተናን ስለማስተካከል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርድ) የሚሮጠውን ሊላን ከስቶክፊሽ ጋር እንዴት እናወዳድር?

በቀጥታ አይወዳደሩም። አንዱ የሚፈልገው ግራፊክስ ካርድ ነው፣ ሌላው ኮር። በዋጋ ማመጣጠን ይቻላል፣ በሚበሉት ኤሌክትሪክም ይቻላል፣ ግን የትኛውንም ብትመርጡ ሌላው ያኮርፋል። እኔ በዚህ ነገር ላይ አቋሜ አንድ ነው፦ ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ካስገባችሁ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ስም ከቁጥሩ ጎን አስቀምጡ፣ አንባቢው ይፍረድ። ከኛ ውስጥ ደህና ካርድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሊላን በዝርዝራችን አላስገባንም። ጠልተናት አይደለም።

ለምንድን ነው አንድ ኢንጂን በአንዱ ዝርዝር ላይ አንድ ቁጥር፣ በሌላው ላይ ሌላ ቁጥር የሚኖረው?

ጥያቄያቸው ስለሚለያይ ነው። ኤስኤስዲኤፍ የሚባለው የስዊድኖቹ ዝርዝር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እነሱ ሁለት ኮምፒውተር ያገናኛሉ፣ ለ40 እርምጃ 2 ሰዓት ይሰጣሉ፣ ኢንጂኑ የራሱን የመክፈቻ መጽሐፍ እንዲጠቀምና በባላጋራ ሰዓት እንዲያስብ ይፈቅዳሉ። ፈተናው የሙሉው ዕቃ ነው፤ ገዝታችሁ ወደ ቤት የምትወስዱት እንዳለ። ሲሲአርኤል የሚባለው ሌላው ዝርዝር ደግሞ ለሁሉም አንድ የጋራ መክፈቻ ይሰጣል፣ ፖንደር ያጠፋል፣ ሰዓቱንም እንደ ፈታኙ ማሽን ፍጥነት ያስተካክላል። ለ40 እርምጃ 15 ደቂቃ የሚሉት ኢንቴል አይ7-4770ኬ በሚባለው ፕሮሰሰር ሚዛን ነው፤ ማሽናችሁ ከዚያ ከፈጠነ ደቂቃው ያንሳል። ይሄኛው የሚፈትነው የኢንጂኑን ማሰብ ብቻ ነው።

ሁለቱም ፍትሃዊ ናቸው። ስህተቱ የአንዱን ቁጥር ወስዶ ከሌላው ጋር ማጋጨት ነው።

የሰዓት ማስተካከሉን ዘዴ እኛም ወስደናል። የማርቆሱ ዴስክቶፕ ዝግተኛ ነው፣ የባሕር ዳሩ ላፕቶፕ በእጥፍ ይፈጥናል። አንድ ስቶክፊሽ በሁለቱም ላይ አስሩጠን በሴኮንድ ስንት አቀማመጥ እንደሚያይ እንለካለን፣ ከዚያ ለዴስክቶፑ እጥፍ ሰዓት እንሰጣለን።

ተጋጣሚዎቹን መምረጥ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። አንድ ኢንጂን ከአሮጌ ራሱ ጋር ብቻ ሲጋጠም ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ተጋንኖ ይወጣል። 30 ነጥብ አሻሻልኩ ያለ ሰው ከሌሎች ጋር ሲያጋጥመው 15 ሊያገኝ ይችላል። ከአምስት ስድስት የተለያዩ ኢንጂኖች ጋር አጋጥሙት፤ ከላይም ከታችም።

ተቀድተው ስም የተቀየረላቸው ኢንጂኖችም አሉ። ከአንድ ዘር የሆኑ አምስት ኢንጂኖች በዝርዝሩ ውስጥ ካሉ፣ ለዚያ ዘር አጨዋወት የማይመች ኢንጂን አምስት ጊዜ ይቀጣል። ከሬቲንጉ በላይ ደግሞ የሰው ላብ ጉዳይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማኅበር ሪብካ የተባለው ኢንጂን ክራፍቲና ፍሩት ከሚባሉ ኢንጂኖች ኮድ ወስዷል ብሎ ከ2007 እስከ 2010 ያገኛቸውን የዓለም ሻምፒዮናዎች ነጠቀው፤ ጸሐፊው ክሱን አልተቀበለም። በ2021 የስቶክፊሽ ጸሐፊዎች ቼስቤዝ የተባለውን የቼዝ ሶፍትዌር ኩባንያ በፈቃድ ጥሰት ጀርመን ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተጠናቀቀ። የሌላን ሰው ነፃ ኮድ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ከየት እንደወሰዳችሁ መናገርና ፈቃዱ የሚለውን ማክበር ነው። እኛ ኮፒ መሆኑን ያወቅነውን ከዝርዝራችን እናወጣለን።

ኢንጂኑ መሃል ላይ ቢበላሽ ወይም ሰዓት ቢያልቅበት ሽንፈት ነው?

ጥፋቱ የኢንጂኑ ከሆነ አዎ። የማሽኑ ከሆነ ጥንዱ ይጣላል። በተደጋጋሚ ሰዓት ካለቀበት ግን መጀመሪያ ቅንብሩን እዩ፤ በጣም አጭር ሰዓት ላይ መልእክቱ ከኢንጂኑ ወደ መስኮቱ እስኪደርስ የሚባክነው ጊዜ ራሱ ይገድላል። ለዚያ የሚሆን ጥቂት ሚሊሴኮንድ መተው ይቻላል፤ ለሁለቱም።

3,600 ያለው ኢንጂን ከማግነስ ካርልሰን በ700 ይበልጣል?

የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካርልሰን የደረሰበት ከፍተኛው 2,882 ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ.። ይህ ቁጥር የመጣው ከሰዎች ጋር ተጫውቶ ነው። የኢንጂኑ ቁጥር ደግሞ ከኢንጂኖች ጋር ተጫውቶ። ሁለቱ ቡድኖች ተገናኝተው ስለማይጫወቱ መቀነስ አይቻልም። ኢንጂኑ በሰፊው እንደሚበልጥ ግን ማንም አይጠራጠርም።

በምን ፕሮግራም ልጀምር?

ኩትቼስ በነፃ ይገኛል፣ በላፕቶፕም ሆነ በአሮጌ ዴስክቶፕ ይሠራል። መክፈቻ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ ቀለም እያለዋወጠ በጥንድ ያጫውታል፣ በመጨረሻ ልዩነቱን ከነፕላስ ማይነሱ ያወጣል። ብዙ ኢንጂን ካጋጠማችሁ በኋላ ሬቲንጉን በአንድ ላይ ለማስላት ኦርዶ ወይም ቤይስኢሎ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ አንድ ኢንጂንን ከራሱ ጋር፣ በሁለት የተለያየ ስም፣ 1,000 ጨዋታ አጫውቱት። ዜሮ አካባቢ ካልመጣ ፈተናችሁ ውስጥ የተደበቀ ቁልል አለ። እኛ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ አንዱ ስም ብቻ 2 ኮር ተሰጥቶት አግኝተናል።

እኔ የጻፍኩትን ኢንጂን ትፈትኑልኛላችሁ?

በደስታ። ፋይሉን ከነቨርዥን ቁጥሩ ላኩ፣ ዩሲአይ በሚባለው የመግባቢያ ደንብ የሚናገር ይሁን፣ ኮዱ ከሌላ የተወሰደ ክፍል ካለው ንገሩን። እኛ 2,000 ጨዋታ እናጫውትና ሁሉንም ጨዋታ፣ የማሽኑን ስም፣ ሰዓቱን፣ ሃሹንና የመክፈቻውን ፋይል አያይዘን እንልካለን፤ እናንተም በራሳችሁ ማሽን ደግማችሁ እንድታዩት። ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፣ መብራት ከጠፋ ትንሽ ይጨምራል። የሞጣው ልጅ የሰረዘውን መልሶ አስገብቶ አዲስ ቨርዥን ልኮልናል፤ አሁን ተራው የእሱ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያላችሁ ትገባላችሁ።